አትመልሱለት

መርዕድ ወልደሰንበት ጠዋት ጠዋት የሚያደርገውን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱን ገርበብ ያደርጋል፣ ሻዩን በዝንጅብል ያፈላል፣ ጉሮሮውን እንደ ዲያቆን ይጠራርጋል፣ ከዚያ ያን ማራገቢያው የሚያጓራ አሮጌ ኮምፒውተር ከፍቶ ይቀመጥና ሰው መተቸት ይጀምራል። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ይሥራ? እኩዮቹ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ይመለሳሉ፣ ዳማ ይጫወታሉ፤ እሱ ግን ፊታቸውን አይቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲጣላ ያረፍዳል። ደግሞ ደስ ይለዋል።

መጣላት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ኢንተርኔት በስልክ መስመር ውስጥ እየጮኸ በሚገባበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኢሜይል ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ኢንተርኔት ሰዎች አምድ ይጽፍ፣ በሬዲዮም ዝግጅት ያቀርብ ነበር። ያኔ «ማዕድ» የሚባል የአማርኛ መወያያ መድረክ ነበረ፤ ሰዉ በቅጽል ስም እየገባ ሲሟገት፣ ሲፋቀር፣ ሲሰዳደብ ይውላል። እሱም ገባ፤ ገብቶም ዝም አላለም። ይህ ጉርብትና አይደለም፣ ሠርጉን ሳትበሉ እልል ትላላችሁ፣ ሬሳ ሳታዩ ታለቅሳላችሁ እያለ ይነተርካቸው ጀመር። እነሱም ማዕዱ ላይ ተቀምጦ ማዕዱን የሚያማ እያሉ ያሾፉበታል፣ ግን ሳያነቡት አይውሉም። የመድረኩ ኃላፊ ተካልኝ የልብ ወዳጁ ሆነ። ዘመን ሲቀየር ማዕድ ወደ ስልክ ተዛውሮ ብዙ ሺህ ሰው የሚጋፋበት ግሩፕ ሲሆን፣ መርዕድም አብሮ ተዛወረና ትችቱን ቀጠለ።

ከጻፋቸው ሁሉ ስሙን ያስጠራለት አንድ ጽሑፍ ነው። በዚያ በድሮው ዘመን «ባለክራር» የሚባል አባል ሞተ ተባለና ማዕድ በለቅሶ ተደበላለቀ። ለቅሶው በረድ ሲል ግን በባለክራር ስም መልእክት መምጣት ጀመረ። «ኧረ አለሁ፣ ሞተ ያላችሁ ማነው?» ይላል። ግማሹ ፈራ፣ ግማሹ ሊያናግረው ፈለገ። መርዕድ ብዕሩን አነሣና ጻፈ፤ «በሟች ስም የሚጽፍ የሚፈልገው መልስ ነው። ከመለሳችሁለት ይለምዳችኋል። አትመልሱለት።» ይህ የማዕድ ሕግ ሆነ። ባለክራር ጥቂት ጊዜ ለመነ፣ ተሳደበ፣ እናቴን ጠይቋት አለ፣ ከዚያ ጠፋ። ማን እንደ ነበረ የጠየቀ የለም፤ መርዕድም አልጠየቀም።

አሁን የሚኖረው ለአንድ ነገር ነው፤ ሀዋሳ ላለችው ልጁ ለረድኤት። እናቷ እሷን ወልዳ ነው ያረፈችው። ልጅቷ ያደገችው አባቷ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ነው፤ ስታገባ እንኳ በወጉ አልተነጋገሩም። ስታረግዝ ጊዜ ግን ልቧ ራራለትና ጠዋት ጠዋት መደዋወል ጀመሩ። የደም ግፊቷ አስቸጋሪ ሆኗል፤ ሐኪሙ ቀኗ ደርሷልና ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይደርሳት ብሎ አስጠንቅቋል። መርዕድ የባለቤቱን ነገር እያሰበ ለረድኤት ይፈራል፤ ፍርሃቱን ግን ለማንም አይናገርም።

ያን ጠዋት ከጉንፋን ነበር የተነሣው። ክፉ ጉንፋን ነበር፤ አልጋ ላይ ጥሎት ሰነበተ፣ ስልኩም ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ሰነበተ። ሲነሣ ሰውነቱ ቅልል ብሎታል። ክረምት ነውና ሰማዩ ጠቁሯል፤ ቤቱ ውስጥ መብራት ቢበራም ጨለማው ከማዕዘኖቹ አልወጣ ብሏል። ወንበሮቹ ግድግዳ ተጠግተው ተደርድረዋል፤ እሱ እንዲህ አይደረድርም። ቤቱ የብዙ ሰው ትንፋሽና የረጠበ ካፖርት ይሸታል። ትኩሳት ላይ ሆኜ ራሴ አንቀሳቅሼው ይሆናል አለ። ሻዩን አፍልቶ ቢቀምሰው ዝንጅብሉም ስኳሩም የለም፣ ሙቅ ውኃ ብቻ። ጉንፋኑ ነው ብሎ ጠጣው።

ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ሲከፍት፣ ማዕድ ላይ መጀመሪያ ያየው የራሱን ፎቶ ነው። በጋዜጣው ዘመን የተነሣው፣ ፀጉሩ ገና ጥቁር ሳለ። በላዩ ጥቁር ጥብጣብ ተደርጎበታል። «ሐያሲያችን መርዕድ ወልደሰንበት በድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ነፍስ ይማር።» ከሥሩ ሻማ፣ የተጣመሩ እጆች፣ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፤ ጣቱ እስኪደክም ቢያወርደው አያልቅም።

ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለው፤ እንዲህ ይወዱኛል ማለት ነው ብሎ። «አይ እናንተ! ዛሬም ሬሳ ሳታዩ ታለቅሳላችሁ? አለሁ፤ ሻይ እየጠጣሁ ነው» ብሎ ላከና ሳቃቸውን ጠበቀ። ማንም አልሳቀም። ነፍስ ይማር መባሉ ቀጠለ። ቆይቶ አንዱ «በሟች ስም የሚጽፈው ማነው? ነውር ነው» አለ። የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ፎቶ ተነሣና ላከ። «ፎቶ መሥራት ዛሬ ምን ያቅታል» ተባባሉ፤ ለሱ ሳይሆን እርስ በርሳቸው። ከዚያ አንድ ሰው አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፤ «አትመልሱለት።» ሌላውም ደገመው፤ ከዚያ ሌላው። ገጹ በዚያ ቃል ከላይ እስከ ታች ሞላ፤ ቀጥሎ ከግሩፑ አስወጡት።

አሁን ተናደደ። ለተካልኝ ደወለ። ጠርቶ ጠርቶ ተነሣ። «ተካልኝ! ይሄ ምን የሚሉት ቀልድ ነው? ልጄ ብታየውስ?» ከወዲያ በኩል መልስ የለም። የሚሰማው ብዙ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ጉምጉምታ፣ የብርጭቆ ኳኳታ፣ ሸራ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። አንድ ሽማግሌ ረጅም ደረቅ ሳል ሳለ። መርዕድ ያንኑ ሳል በስልኩ ሰማው፣ ገርበብ ባለው መስኮትም ከታች ከግቢው ሰማው። «ድምፁም ቁርጥ እሱን» አለ ተካልኝ ለሌላ ሰው፤ ስልኩም ተዘጋ።

በመስኮቱ አጎንብሶ ሲያይ ግቢው ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል።

ደረጃው ላይ ጎረቤቱን እትዬ አስካለን አገኛቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ባዶ ትሪ ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሕመሙ ሲጀምረው አጥሚት አምጥተው በር ላይ «እግዜር ይማርዎት» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሲያዩት ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እትዬ አስካለ፣ ምን ጉድ ነው የመጣብኝ? እስኪ እዩኝ!»

ሴትየዋ በስመ አብ አሉ። ዓይናቸውን አልገለጡም። «እንዳንመልስ ነግረውናል» አሉ እያለቀሱ፤ «ጋሽ መርዕድን ከሆኑም ይቅር ይበሉኝ።» ትሪውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ግድግዳውን እየታከኩ አልፈውት ወጡ፤ በራቸውን የተኛ ሕፃን እንዳለበት ቤት ቀስ አድርገው ዘጉት። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ጨለማና ወፍራም ሙቀት አለ፤ የረጠበ ሣር፣ የሰው ላብ፣ የተቀቀለ እህል ይሸታል። አግዳሚዎቹ ላይ የሚያውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ከጫፍ ያሉት ሴቶች በዝግታ ያወራሉ። «ቀብሩ እንዴት አምሮ ነበር» ትላለች አንዷ። «ፊታቸውን ሲገልጡት አይቻለሁ» ትላለች ሌላዋ፤ «የተኛ ሰው ነው የሚመስሉት።» መርዕድ ዕድሜ ልኩን ሬሳ ሳታዩ ታለቅሳላችሁ ሲል ኖሯል፤ እነዚህ ግን አይተው ነው የሚያለቅሱት።

«ማንን ነው የቀበራችሁት?» ብሎ ጮኸ። ጉምጉምታው ቆመ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ዝናቡ ብቻ ሸራውን ይደበድባል። ተካልኝን ፊት ለፊት አገኘውና ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው። ትከሻው ይሞቃል፤ ተካልኝ ግን ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሣም። የምታስተናግድ ልጅ ንፍሮ ይዛ በረድፉ እየሄደች ነበር፤ እሱ ጋ ስትደርስ ፊቱን ሳታይ ለማንኛውም ለቀስተኛ እንደሚደረገው እፍኝ ሙሉ በመዳፉ ላይ አደረገችለትና አለፈች። ልማድ ሆኖበት አፉ ውስጥ ጨመረው። ጨው ነበረው። ከተነሣ ወዲህ የጣመው ነገር ይሄ ብቻ ነበር፤ ይህን ሲያውቅ ከሁሉም በላይ ያ አስፈራው።

ረድኤት! ከድንኳኑ ወጥቶ ዝናብ ላይ ቆሞ ደወለላት። የልጁ ቁጥር ዝግ ነው። ደገመ፣ ዝግ ነው። ለባሏ ለዳግማዊ ደወለ።

«ዳግም፣ እኔ ነኝ። ረድኤት ምንም ሰምታለች? ስጠኝ እስኪ።»

በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ ዳግማዊ አፉን ወደ ስልኩ አስጠግቶ በሹክሹክታ ተናገረ። «ስማ አንተ፣ ማንም ሁን ማን። እንደምትደውል ተካልኝ ነግሮኛል። ሚስቴ እርጉዝ ናት፤ እስክትወልድ መርዶው አይነገራትም። ስልኳንም የቀየርንባት ለዚህ ነው።» ዳግማዊ አማቱን በአንተ ጠርቶ አያውቅም ነበር።

«የምን መርዶ? አለሁ እኮ! ለሷ ስጣትና ድምፄን ትስማ።»

«የአባቷን ድምፅ በየጠዋቱ ትሰማለች።»

«ከማን?» አለ መርዕድ።

«የግሩፑ ሰዎች ናቸው የሠሩልን። የሬዲዮ ዝግጅቶቹን፣ ቃለ መጠይቆቹን ለቅመው በኮምፒውተር እንደሱ የሚናገር ድምፅ አወጡለት። ካላናገረችው ትጠረጥራለች፣ ምን እናድርግ ታዲያ?» ዳግማዊ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ የሚላትን የሚጽፍለት ተካልኝ ነበር። አሁን ግን ተካልኝም እኔ አልጻፍኩም ይላል። ራሱ ነው የሚደውለው።» ልመና በሚመስል ድምፅ ጨመረ፤ «ደግሞ ጥሩ ሰው ነው። በጣም ይወዳታል። በናትህ አታበላሽብን።»

ዘጋው። መርዕድ እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆሞ አሰበ። በዚህ ምድር ላይ እሱ ያልሞተባት አንዲት ሰው ቀርታለች፤ የቀረችውም ስላልተነገራት ነው። እሷ አባዬ ካለችው ሌላው ዓለም ያሻውን ይበል፣ ገደል ይግባ። እሷም ብትሆን ከማታውቀው ነገር ጋር ተዘግቶባት ልትወልድ ነው። ካፖርቱን እንኳ ሳያመጣ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ከሱ አጠገብ ያለው ወንበር ግን ባዶ ቀረ፤ መጨረሻ ላይ የገባች አንዲት ሴት ልትቀመጥበት አጎነበሰችና፣ ምን እንደ ሆነች እንጃ፣ ተመልሳ ከሹፌሩ ኋላ ካለው የሞተር ክዳን ላይ ቁጢጥ አለች። ረዳቱ ሒሳቡን ፊቱን ሳያይ ተቀበለው። መንገዱ ላይ የጎማው ድምፅ፣ የናፍጣና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ፣ የደመናው ጥቁረት ተደማምረው ዓይኑን ከደን ሲያደርጉት፣ ከፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ ስልኩን ከፈተ። ከስልኩ የወጣው የመርዕድ ድምፅ ነው። የድሮ ዝግጅት መሰለው። አዳመጠ። «ዝዋይ ስትደርሱ ዝናብ ይጠብቃችኋል» አለ ድምፁ፣ ሳቅ እያለ፤ «መስኮቶቻችሁን ዝጉ።» በዚያ ረድፍ ያሉ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ዘጉ። ወዲያው ዝናቡ መጣ።

«እሱ እኮ እኔ አይደለሁም!» አለ መርዕድ። «ሰዎች፣ እኔ ነኝ መርዕድ!» አንድም አንገት አልዞረም። አንዲት እናት የልጇን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች። በሱ በኩል ያለው መስኮት ክፍት ነበርና ውኃው ፊቱን፣ አንገቱን፣ ደረቱን አራሰው፤ ብርድ ግን አልተሰማውም። እጁን አንሥቶ ሊዘጋው እንኳ አቅም አጣ።

ሀዋሳ ሲደርስ ዝናቡ አባርቷል። አየሩ የሐይቅ ዓሣና እርጥብ አፈር ይሸታል፤ አባ ኮዳዎች ጣራ ላይ ክንፋቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል፣ የተሳፈረበት ባጃጅ ሲያልፍ አልተንቀሳቀሱም። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ልጁ ቤት በር ላይ ወረደ። ሊያንኳኳ እጁን ካነሣ በኋላ ከውስጥ ሳቋን ሰማ። ልጁ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም።

በቆርቆሮው በር ስንጥቅ አየ። ረድኤት አቮካዶው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ያበጡ እግሮቿን ሳፋ ውስጥ ነክራ፤ ስልኩ ሆዷ ላይ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ተቀምጧል። ሳቋ አልቆ አሁን ታዳምጣለች።

«ያን ቀን እናትሽን ብርቱካን አማራት» ይላል የገዛ ድምፁ፣ በዝግታ፣ እሱ በማያውቀው ርኅራኄ። «ክረምት ነው፣ ብርቱካን ከየት ይምጣ? ሆስፒታሉ በር ላይ ያሉትን ሱቆች ሁሉ አዳረስኩ። አንዲት ብርቱካን አግኝቼ ስመለስ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እሷ ዝም ብላለች። ብርቱካኗን የት እንደጣልኳት አላውቅም። ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ልጄ። ልነግርሽ ፈርቼ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ፊቴን ያዞርኩብሽ።»

መርዕድ በሩን ጨበጠ። የብርቱካኗን ነገር ለጋዜጣ አልጻፈውም፣ በሬዲዮ አላወራውም፣ ለንስሐ አባቱ እንኳ አልተነፈሰውም። ሊነግራት ያሰበው ልጇ ሲወለድ ነበር፤ ሕፃኑን ታቅፎ፣ እሷ አጠገብ ተቀምጦ። ረድኤት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ «ምነው እስከ ዛሬ ደበቅከኝ አባዬ» አለች። ቀናበት። በገዛ ድምፁ ቀና።

«ረድኤት!» ብሎ ተጣራ።

የስልኩ ድምፅ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቆመ። ስልኩ አልተዘጋም፤ ማዳመጥ ጀመረ እንጂ። ረድኤት እግሮቿን ከሳፋው አወጣች፣ ስልኩን ይዛ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ እርጥብ እግሯን እያነሣች ወደ በሩ መጣች። ዓይኗ በስንጥቁ በኩል ከዓይኑ ጋር ተገናኘ። በጣም ቅርብ ነበረች፤ ትንፋሿ ይሰማዋል።

«አትደንግጪ ልጄ» አለ። «እኔ ነኝ። አባትሽ ነኝ። የሚያወሩት ሁሉ ውሸት ነው፣ ይኸው አለሁ። ስልኩን ጣይውና ክፈችልኝ።»

ፊቷን ፈልጎ አየው፤ ደነገጠች ወይ፣ አመማት ወይ ብሎ። አልደነገጠችም። ለረጅም ጊዜ በሐዘኔታ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አባዬ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዳልከኝ መጣ።»